የታሚሉ ፊልም ላይ ምራቲቱ ሁሉንም አስታርቃ መውጣቷ ልክ ነው? ከወላጅ ጋር የምትኖሩ ፍረዱን

ብርዳሙ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። የማወራችሁ ስለ ፊልም ነው፣ ግን ስለ ፊልም ብቻ እንዳልሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ፊልሙ «ሳምሳራም አዱ ሚንሳራም» ይባላል። የደቡብ ህንድ፣ የታሚል ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1986። ድብድብ የምትጠብቁ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ ለእናቴ እየተረጎምኩ ነው ያየነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አባትየው አማያፓን የቢሮ ጸሐፊ ነው፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው። ሦስት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አለው። ትልቁ ልጅ ቺዳምባራም በየወሩ ለቤት ያዋጣል፣ ግን እያንዳንዷን ሳንቲም ቆጥሮ ነው። ሚስቱ ኡማ ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «እዚህ ስለማትበላ» ብሎ ድርሻዋን ከመዋጮው ቀነሰ። አባትየው ደሙ ፈላ፣ ከቤቴ ውጣልኝ አለ። ልጅየው ደግሞ ቤቱ ሲሠራ ገንዘቤን አውጥቻለሁ፣ እሱን መልስልኝና እወጣለሁ አለ። አባትየው የሚመልሰው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ቤቱን መሀል ለመሀል መስመር አሰመረበት። ያ ያንተ፣ ይህ የኛ፣ ማንም ማንንም እንዳያናግር።

ኡማ ልጇን ታቅፋ ስትመለስ ያቺን መስመር ነው የምታገኘው። ከሠራተኛዋ ከካናማ ጋር ሆና ዘዴ እየፈጠረች የተጣላውን ሁሉ አስታረቀች፣ ባሏንም ልብ አስገዛችው። በቃ እንደ ድሮው አብረን እንኑር ሲባል ግን እምቢ! ለብቻችን ወጥተን እየተጠያየቅን እንኑር፣ ፍቅራችን የሚቆየው እንደዚያ ነው ብላ ባሏን ይዛ ወጣች።

እናቴ እዚህ ጋ ተናደደች። «ለመሄድ ከሆነ ታዲያ ምን አስለፋት? ያስታረቀ ሰው ከማዕዱ ይቀርባል እንጂ ጓዙን ይጠቀልላል?» አለች። አባቴ ዝም። ወንድሜ ስልኩ ላይ ነበር። ሚስቴ ስኒውን እየሰበሰበች «ልክ ናት» አለችና ወደ ማጀት ገባች። ከዚያ ወዲህ ያቺ «ልክ ናት» ከጆሮዬ አልወጣ ብላለች።

የኛ ነገር እንዲህ ነው። ወላጆቼ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን አድሰን ነው የምንኖረው። ኪራይ የለም፣ ማዕዱም ከትልቁ ቤት ጋር አንድ ነው። ጤፍና ዘይት እኔ እገዛለሁ፣ የመብራት ካርድም እኔ ነኝ የምሞላው። ታናሽ ወንድሜ ሥራ ከያዘ ቆየ፣ እስካሁን ለቤቱ የሰጠው ነገር ቢኖር «እሺ» ነው። እናቴ ደግሞ ለሰፈር ሰው እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ። ምጣድ ሲሰካ ቆጣሪ እንዴት እንደሚሮጥ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የእንጀራው ብር የእሷ ነው፣ እቁብ ትጥልበታለች። መብራቱ የኔ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፣ ፊልሙን ካየሁ በኋላ ግን በቆጣሪው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ደግሞ ቺዳምባራም ሆንክ እንዴ አንተ ሰው እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

እና ፍረዱን። ኡማ ልክ ነበረች? እናንተስ ከወላጅ ጋር ስትኖሩ ወጪውን እንዴት ትካፈላላችሁ?


የምንጃሯ

ወንድሜ፣ ፊልሙን አይቼዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። የቺዳምባራም ችግር መቁጠሩ አይደለም፣ አጉድሎ መቁጠሩ ነው። ኡማ የምትበላውን ሰሃን ቀነሰ። ኡማ ለዚያ ሁሉ ሰው ስትሠራ የምትውለውን የት አስገባው? ትልቅ ምራት ለወሊድ ስትሄድ ከቤቱ የሚጎድለው አፍ ሳይሆን እጅ ነው። እናቱ ብቻዋን ልትንጎራደድ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቢሆን በዚያ ወር ይጨምር ነበር እንጂ አይቀንስም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጤፍ የሚገዛውን ነገርከን፣ ካርድ የሚሞላውን ነገርከን፣ ምንም የማይሰጠውንም ነገርከን። ጤፉን ማን ያስፈጫል? የወንድምህን ልብስ ማን ያጥባል? አባትህ እንግዳ ሲመጣባቸው ቡናውን ማን ያፈላል? ሚስትህ የሠራችው አንድም ነገር ጽሑፍህ ውስጥ የለም፣ ስኒ ከመሰብሰብ በቀር። እሱንም ያየኸው ስለተናገረች ነው።

እኔ ከአማቴ ጋር ኖሬአለሁ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን የማጀቱ ሳጥን ቁልፍ መቀነታቸው ላይ ነበር። ወጥ ልሠራ ስል «እማማ፣ በርበሬ» እላለሁ። ይመጣሉ፣ ይከፍታሉ፣ በማንኪያ ለክተው ይሰጡኛል፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ዘይቱም እንደዚያው፣ ሹሮውም እንደዚያው። ባሌ ደመወዙን ለእሳቸው ነበር የሚሰጠው፣ እኔ የፀጉር ቅባት ሲያልቅብኝ ለባሌ እነግራለሁ፣ ባሌ ለእናቱ ይነግራል፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ፀጉሬ መድረቁን ያውቃል። ጠልተውኝ እንዳይመስልህ። እሳቸውም በአማታቸው እንዲሁ ነው የተያዙት። ቤት ተከራይተን ከወጣን በኋላ ነው በደንብ የተዋደድነው። አሁን ስሄድ ገና ከበር ቁልፉን ይሰጡኛል፣ እሳቸው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ኡማ ልክ ናት። ደግሞ ተኳርፋ አልወጣችም። ተኳርፋ ብትወጣ ኖሮ ከእናትህ ጋር እስማማ ነበር።


ቪዲዮ ቤት ያሳደገኝ (ሸዋ ሮቢት)

ይህን ፊልም እዚህ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅኩም! አብዛኛው ሰው የህንድ ሲባል የሚያውቀው የሂንዲውን ብቻ ነው፣ የደቡቦቹን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ጽፎ ያዘጋጀው ቪሱ የሚባል ሰው ነው፣ አባትየው ሆኖ የሚተውነውም ራሱ ነው። ከመድረክ የመጣ ሰው ነበር፣ ፊልሙም መነሻው የራሱ የመድረክ ተውኔት ነው። ለዚህ ነው አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ቆሞ ሲነታረክ የማይሰለቸው። ያሠራው የማድራሱ ፊልም ኩባንያ ኤቪኤም ነው። በዓመቱ ሕዝብ የወደደው ንጹሕ መዝናኛ ለሚባለው ዘርፍ የህንድን ብሔራዊ ሽልማት ወስዷል፣ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያው የታሚል ፊልም ነው። ከዚያ በሌሎች የህንድ ቋንቋዎች፣ በቴሉጉ፣ በካነዳ፣ በማላያላም እና በሂንዲ ደግመው ሠርተውታል። የሂንዲው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፣ ተዋናይቷ ሬካ አለችበት፣ ምናልባት ታላላቆቻችሁ እሱን አይተውት ይሆናል። ቺዳምባራምን የሚሠራው ራጉቫራን በኋላ የታሚሉ ዝነኛ ተዋናይ የራጂኒካንት ቀንደኛ ጠላት ሆኖ የሚመጣው ያ ረጅሙ ሰውዬ ነው። እዚህ ግን ሽጉጥ የለውም፣ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው ያለው፣ ለኔ ደግሞ እዚህ ነው የበለጠ የሚያስፈራው። ካናማን የምትሠራው ማኖራማ ከሺህ በላይ ፊልም ላይ የሠራች ሴት ናት፣ እሷ ስትመጣ ሳቃችሁን መያዝ አትችሉም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ አብሮ መኖር ስንል እና እነሱ ሲሉ አንድ አይደለም። እዚያ ያልተከፋፈለ የሂንዱ ቤተሰብ የሚባለው በሕግ የታወቀ ነገር ነው፣ የግብር ሕጋቸው ሳይቀር ቤተሰቡን እንደ አንድ ግብር ከፋይ ይቆጥረዋል። የቤተሰቡ የዘር ንብረት ላይ ባለድርሻ የሚሆኑት በልደት ወንዶቹ ነበሩ። የታሚሎቹ ክልል ታሚል ናዱ ላላገቡ ሴት ልጆችም እኩል ድርሻ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፣ ማለት ፊልሙ ከወጣ 3 ዓመት በኋላ። ለመላው ህንድ የደረሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005። የአማያፓን ቤት ግን ከአያት የወረደ አይደለም፣ በደመወዝ የተሠራ ነው፣ ልጅየውም «አውጥቻለሁ» ማለት የቻለው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ አገር ትልቋ ምራት በገዛ አፏ እንውጣ ስትል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።


ጋሽ መንዜ (መሐል ሜዳ)

ልጄ ፊልሙን አሳይታኝ ነበር፣ እኔም አልጨረስኩትም ብዬ አልዋሽም፣ ጨርሼዋለሁ።

እናንተ ልጆች መውጣቷን እንደ ጉድ ታወራላችሁ። በኛ አገር ጎጆ መውጣት መቼ ነው ነውር የሆነው? ልጅ ያገባል፣ ሚስቱን ይዞ አባቱ ቤት ይከርማል፣ ካባቱ ጋር ያርሳል፣ ምራቲቱ ከአማቷ ጋር ሙያዋን ታጠነክራለች። ጊዜው ሲደርስ አባት ላቅሙ የሚሆነውን በሬም ይሁን ዘር ይሰጥና መርቆ ጎጆ ያወጣዋል። ማንም አያለቅስም። የሚያስለቅሰው ሳይመረቅ የወጣ ነው። እኔ ፊልሙ ላይ የከፋኝ መስመሩ ነው እንጂ መውጣቷስ ደግ አደረገች። አባት ተቆጥቶ ልጁን ያባርራል፣ እርግማንም ካፉ ያመልጠዋል፣ በሽማግሌ ይመለሳል። ቤት መሀል መስመር አስምሮ እናትን ከልጇ እንዳትነጋገር ማድረግ ግን የአባት ሥራ አይደለም። ሚስቲቱን አስተውላችኋታል? ልጇም ባሏም ሲሟገቱ መሀል የቀረችው እሷ ናት።

አሁን የተበላሸው ሌላ ነው። መሬት የለም። እኛ ዘንድ የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1989ኙ ነው፣ ያኔ ገና እናቱ ጀርባ ላይ የነበረ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ ከአባቱ ደብተር ላይ ከሚቆነጠርለት በቀር በስሙ አንድ ጥማድ የለውም። እና አባቱ ቤት ይቀመጣል፣ ወይም ደብረ ብርሃን ወርዶ ከተሜ ይሆናል። ዛሬ አብሮ የሚኖረው ሁሉ ወዶ አይምሰላችሁ።

ለጠያቂው ግን የምለው፣ የናትህን እንጀራ በቆጣሪ አትለካ። ማዕድ ላይ ሒሳብ አያምርም።


የምንጃሯ

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ማዕድ ላይ ሒሳብ የማያምረው ማዕዱን ለማያቀርበው ሰው ነው። የበርበሬው ማንኪያ ሒሳብ አይደል?


ጋሽ መንዜ (መሐል ሜዳ)

ይሁን፣ በዚችኛዋ ረታሽኝ። ቁልፉስ ሒሳብ ነው።


ሳሲት ሰፈሬ

ሁላችሁም ውጣ ውጣ ትላላችሁ፣ የደብረ ብርሃን ኪራይ ስንት እንደገባ የጠየቀ አለ? ፋብሪካው ከመጣ ወዲህ አንድ ክፍል ለማግኘት ደላላ ነው የሚያስለምንህ። ወንድሜ አትውጣ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ለሰርቪስ ቤቱ የራሱን ቆጣሪ አስገባ። ማዘር ትልቁ ቤት ውስጥ ትጋግር፣ የሷን ካርድ ወንድምህ ይሙላ፣ አንተ የራስህን። ማንም ማንንም አይቆጥርም፣ ጸብ የለ፣ ምን የለ።


ቪዲዮ ቤት ያሳደገኝ (ሸዋ ሮቢት)

ሃሃሃ ይሄ እኮ ያው የአማያፓን መስመር ነው፣ በሽቦ ሆነ እንጂ! አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቆጣሪ ካስገባህ ነገ ሁለት ማጀት ነው፣ ከነገ ወዲያ ግንብ።


ሳሲት ሰፈሬ

ግንብስ ቢሆን? ጎረቤት በግንብ ተለያይቶ ስንት ዘመን ቡና ይጠጣል። ደግሞ ፊልሙ ላይ ያለው መስመር ሰው እንዳይነጋገር የተሰመረ ነው፣ እኔ የምለው ተነጋግሮ ስለማስመር ነው። አንድ አይደሉም።


የምንጃሯ

ተነጋግሮ መሆኑ ላይ ከሳሲት ጋር ነኝ፣ ቆጣሪው ላይ አይደለሁም። እንዲህ አድርግ። አንድ ማታ ሁላችሁም ባላችሁበት፣ ወንድምህም ስልኩን አስቀምጦ፣ የወሩን ወጪ ጮክ ብለህ ተናገር። ክስ አይሁን፣ «እኔ ብቻዬን» የሚል ቃል አይግባበት። ጤፍ ይህን ያህል፣ ዘይት ይህን ያህል፣ ካርድ ይህን ያህል። ከዚያ ሥራውንም እንደዚያው ጥራው፣ ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል፣ ውሃ ሲጠፋ ማን ይቀዳል። ወንድምህ ብር ካነሰው ጄሪካን ያንሳ። ብዙ ሰው ስለ ብሩ ይናገርና ስለ ጉልበቱ ሲሆን «ሴቶቹ ይተጋገዛሉ» ብሎ ይዘላል፣ እሱን እንዳትዘል።

ሌላ፣ «ጤፍ እኔ እገዛለሁ» ያልከው። በቤተሰብ ሕጋችን ከተጋባችሁ በኋላ የሚመጣው ደመወዝ የባልና ሚስት የጋራ ነው፣ ያንተም የሷም። ስለዚህ ያ ጤፍ የሷም ጤፍ ነው። በነገራችን ላይ ሚስትህ ትሠራለች?


ብርዳሙ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የምንጃሯ፣ አዎ ትሠራለች፣ ፋብሪካ ነው፣ በሺፍት። ደመወዟን ለቦታ ብለን ለብቻ እያስቀመጥን ነው፣ ለዚህ ነው ያልጠቀስኩት እንጂ ደብቄ አይደለም። ልብሱን አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት የምታጥበው፣ የወንድሜንም ጨምሮ። ይህን ስጽፈው ራሱ ደስ አላለኝም።

ለማንኛውም ቅዳሜ ከቡና በኋላ ነገሩን አነሳሁት። የመከራችሁኝን ያህል አልተሳካም። ወጪውን መናገር ስጀምር አባቴ «ምን ጎደለብህ?» ብሎ አቋረጠኝ፣ እንደ ክስ ነው የሰማው። ምንም አልጎደለብኝም፣ ወንድሜም የቤቱ ልጅ ስለሆነ ይወቀው ብዬ ነው አልኩት። ወንድሜን ግን አልጠበቅኩትም፣ «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ» አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ካርዱን ከዚህ ወር ጀምሮ እሱ ይሞላል። የራሱን ልብስም ራሱ አጥባለሁ ብሏል፣ እሱን እናያለን።

እናቴ ግን ገና የእንጀራውን ወሬ ሳላነሳው ገብቷታል። «ዕቁቤን እንዳትነኩብኝ» አለች፣ ቁጣ አይሉት ሳቅ። አልነካንባትም። ስለ ጋሽ መንዜ ምክር ነገርኳት፣ «እኚህ ሰው የተማሩ ናቸው» አለች።

ስለ መውጣቱ አባቴን ለብቻው ሳገኘው ጠየቅኩት። ቦታው ሲገኝ እሱ ራሱ ሽማግሌ ጠርቶ መርቆ እንደሚያወጣኝ፣ እስከዚያ ግን ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነገረኝ።


ጋሽ መንዜ (መሐል ሜዳ)

አባትህን ሰላም በልልኝ። ምርቃቱን ከወዲሁ ቃል ካስገባኸው ሌላው ቀላል ነው። ልብሱን ግን ወንድምህ ሁለት ጊዜ አጥቦ ይተወዋል፣ ካሁኑ ልንገርህ።


የምንጃሯ

ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል። አባትህ ያሉትን ነገርከን፣ እናትህ ያሉትን፣ ወንድምህ ያለውን፣ እዚህ ያለነውንም ሁሉ ሰማህ። «ልክ ናት» ያለችው ሴትዮስ? ልክ ናት ስትል ስለ ኡማ ነው ወይስ ስለ ራሷ? ጠይቀሃታል?


ብርዳሙ (ደብረ ብርሃን)

ቅዳሜ ሺፍት ላይ ነበረች። ዛሬም የማታ ናት፣ ጠዋት ስትገባ እጠይቃታለሁ።


የምንጃሯ

ስትገባ አይደለም። የማታ ሠርታ የገባች ሴት ትተኛለች። ተኝታ ስትነሳ፣ ቡናውን አንተ አፍልተህ።


ሳሲት ሰፈሬ

በምድጃ አፍላው፣ ካርዱን ገና ወንድምህ አልሞላም 😂